የወላይታን የኅብረት ዘፈን ያለ መሣሪያ ለጥቂት ድምፆች ስለ ማዘጋጀት

የሰውን ድምፅ በመሣሪያ ማጀብ በኢትዮጵያ የቈየ ልማድ ነው። ማሲንቆ፥ ክራርና ዋሽንት ከዘፋኙ ተለይተው አያውቁም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የልዩ ልዩ አውራጃዎችን የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ አሰባስቦ፥ በየራሳቸው ሲሰሙ የኖሩት በአንድነት የሚሰሙበትን መንገድ አሳይቷል። ከዚህ የተለየው ሥራ ግን፥ ማለት አምስት ወይም ስድስት ሰዎችን ብቻ አቁሞ፥ ያለ አንዳች መሣሪያ፥ የአንድን ሕዝብ የኅብረት ዘፈን በሰው ድምፅ ብቻ ማሰማት፥ በጽሑፍ እምብዛም አልተመረመረም። የኢጣልያ ሰዎች ይህን ዐይነቱን አዘማመር «አ ካፔላ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «እንደ ቤተ ጸሎት ልማድ» ማለት ነው። ስሙ ከአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ይምጣ እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በተለይም ለደቡቡ ክፍል ከማንኛውም መሣሪያ የሚቀድመው የሰው ድምፅ ራሱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወላይታን የኅብረት ዘፈን አሠራር መግለጥና፥ ዘፈኑ ከመንደር ወደ መድረክ፥ ከብዙ ሰዎች ወደ ጥቂቶች ሲዛወር ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ማመልከት ነው።

ሀ. አገሩና የዘፈኑ ጊዜ

ወላይታ በኦሞና በብላቴ ወንዞች መካከል፥ ከአባያ ሐይቅ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፥ እንሰት፥ በቆሎና ልዩ ልዩ ሥራ ሥር የሚያበቅል፥ ሕዝቡም እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነው። እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ በራሱ ነገሥታት ሲተዳደር ኖሮ፥ በካዎ ጦና ጋጋ ዘመን፥ ብርቱ ጦርነት ከተደረገ በኋላ፥ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረችው ወላይታ ሶዶ የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን፥ በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተመሠረተ ጊዜ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ቋንቋው ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ሲቈጠር፥ ከጋሞ፥ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ጋራ የቅርብ ዝምድና አለው። በቀድሞ ዘመን ስለዚህ ሕዝብ የጻፉ ብዙዎች ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበትና በሚጠላው ስም ስለ ጠሩት፥ የቈዩ መጻሕፍትንና የድምፅ ቅጂዎችን የሚፈልግ ተማሪ ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ዘፈን በወላይታ ከኑሮ ተለይቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ሠርግ የራሱ ዘፈን አለው፤ ለቅሶም እንዲሁ። የደቦ ሥራ፥ የእናት እሽሩሩታ፥ የልጆች ጨዋታ ሁሉም በዜማ ይታጀባሉ። ከሁሉ በላይ ግን ዘፈኑ የሚደምቀው በጊፋታ ነው። ጊፋታ በመስከረም 14 እና 20 መካከል በሚውለው እሑድ የሚከበር የወላይታ የዘመን መለወጫ ሲሆን፥ የተጣሉ የሚታረቁበት፥ ዕዳ የሚከፈልበት፥ ወጣቶችም ተሰብስበው ከደጅ ወደ ደጅና ከሜዳ ወደ ሜዳ እየዘፈኑ የሚሄዱበት በዓል ነው። በዚህ ጊዜ አድማጭ የሚባል የተለየ ወገን የለም፤ የመጣው ሁሉ ወይ ይመራል ወይ ይቀበላል። ይህን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ኋላ ለሚነሣው ጥያቄ ሥሩ እዚህ ላይ ነውና።

ለ. የዘፈኑ አሠራር

የወላይታ የኅብረት ዘፈን በሦስት ወገን የተሠራ ነው ለማለት ይቻላል። የመጀመሪያው መሪው ወይም አውጪው ነው። እርሱ ቃሉን ያወጣል፤ ቃሉም በብዙው ከቦታውና ከሰዓቱ ጋራ የሚስማማ ስለ ሆነ፥ የተሰበሰበውን ሰው፥ ጎሳውን፥ የበዓሉን ጌታ እያነሣ ያወድሳል ወይም በቀልድ ይነካል። ሁለተኛው ተቀባዮቹ ናቸው። እነርሱ የማይለወጠውን ወይም ጥቂት ብቻ የሚለወጠውን መልስ ይሰጣሉ። ሦስተኛው ወገን ከሥር ሆኖ ዘፈኑን የሚሸከመው ነው፤ ይኸውም ትርጕም የሌላቸው የማድመቂያ ቃላት፥ በልክ የሚወጣ ትንፋሽ፥ ጭብጨባና የእግር ምት ናቸው። ወላይታ በወገብ እንቅስቃሴው የታወቀውን ጭፈራ የሚጨፍረው በዚህ በሦስተኛው ወገን ላይ ተመሥርቶ ነው።

መሪና ተቀባይ በሰሜኑም አገር የታወቀ ነው፤ የቡሄን ሆያ ሆዬ ያስታወሰ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። በሆያ ሆዬ አውጪው ሲጨርስ ተቀባዩ ይጀምራል፤ ሁለቱ ድምፆች በተራ ይሰማሉ። በደቡብ ግን ተቀባዩ መሪው ሳይጨርስ መነሣቱ፥ መሪውም ተቀባዩ ሳያሳርፍ እንደገና መግባቱ የተለመደ ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት ዜማዎች ለጥቂት ጊዜ አንዱ ባንዱ ላይ ይተኛሉ፤ የሥሩ ምት ሲጨመርበት ደግሞ ሦስት ይሆናሉ። ጆሮ የሚሰማው አንድ ሙሉ ነገር ይሁን እንጂ፥ የሚሠራው ከተለያዩ ክፍሎች ነው።

ይህ ጠባይ የወላይታ ብቻ አይደለም። በአቅራቢያው ያሉት የዶርዜ ሰዎች ከዚህም አልፈው፥ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ተግባር ያለውን እውነተኛ ኅብረ ድምፅ ይዘምራሉ፤ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ሊቅ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ ቀርጾ ለዓለም ሊቃውንት አስተዋውቋል። የደራሼ ሰዎች ፊላ በሚባለው የሸምበቆ መሣሪያቸው፥ እያንዳንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ እያዋጣ፥ ሁሉም በተራ እየገቡ አንዱን ዜማ በጋራ ያወጡታል። በቤተ መንግሥት ሥርዓት ይነፋ የነበረው እምቢልታም በዚሁ ስልት የሚሠራ ነበር። እንግዲህ ዜማን ከፋፍሎ ለብዙዎች ማደል ከውጭ የሚመጣ ብልኃት ሳይሆን በአገሩ ውስጥ ሥር የሰደደ ዐሳብ ነው።

ሐ. ቃልና ፊደል

ዘፈንን ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገናኘው ከዜማው ጋራ ሳይሆን ከቃሉ ጋራ ነው። በወላይታ ቋንቋ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር፥ ተነባቢውም ሲጠብቅና ሲላላ የቃሉ ትርጕም ይለወጣል። የአማርኛ አንባቢ «ገና» የሚለውን ቃል አጥብቆ ሲያነበው በዓሉን፥ አላልቶ ሲያነበው ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን እንደሚያመለክት ያውቃል፤ በወላይታ ቋንቋ በጥብቀቱ ላይ የአናባቢው ርዝመት ይጨመርበታል። ከዚህም ሌላ የድምፁ ከፍታ በቃሉ አነባበብ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ስለዚህ አዘጋጁ አጭሩን አናባቢ በረጅም ኖታ ላይ ቢያስቀምጠው፥ ወይም ከፍ ብሎ የሚነበበውን ክፍል ዝቅ ቢያደርገው፥ ዜማው ያምር ይሆናል እንጂ ቃሉ ሌላ ቃል ሊመስል ይችላል። የአገሩ ሽማግሌም ሰምቶ የሚስቀው በዚህ ነው።

የጽሕፈቱ ታሪክም ችግሩን ያበዛዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርት ከሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ሲሆን፥ ያን ጊዜ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል ጥብቀትንም የአናባቢን ርዝመትም አያመለክትም። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ቋንቋው በላቲን ፊደል መጻፍ ስለ ጀመረ፥ ፊደሉን በመደጋገም ሁለቱም ይታወቃሉ። ከዚህ የተነሣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን የቈየ የዘፈን ቃል የሚያገኝ አዘጋጅ፥ አነባበቡን ከአዋቂ ሰው አፍ መማር ግዴታው ነው።

ቃል በዚህ አገር ቀላል ነገር አለመሆኑን ደግሞ ታሪክ መስክሯል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፥ የጋሞን፥ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በማዋሐድ የተዘጋጀ የትምህርት መጽሐፍ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ የሰው ሕይወት እስኪጠፋ ደርሷል፤ መጽሐፉም ቀርቷል፤ በማግሥቱ ዓመት ወላይታ የራሱ ዞን ሆነ። ለመድረክ እንዲመች ብሎ የአንዱን መንደር ቃል ከሌላው ሕዝብ ቃል ጋራ የሚያቀላቅል አዘጋጅ፥ ይህን ሊያስብ ይገባዋል።

መ. ዘፈንና መዝሙር

የወላይታን የኅብረት ዜማ ዛሬ የሚያጠና ሰው ሊያልፈው የማይችለው ነገር የሃይማኖት ለውጥ ነው። የሱዳን ኢንተርየር ሚሲዮን መልእክተኞች በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ገቡ። በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ምክንያት አገሩን ለቀው ሲወጡ፥ የተጠመቁት ምእመናን ከመቶ ያነሱ ነበሩ። ጠላት ከተባረረ በኋላ ሲመለሱ ግን ቍጥራቸው ወደ ዐሥር ሺህ ደርሶ እንዳገኙት ይነገራል። በእነዚያ ዓመታት ማንም ሚሲዮናዊ፥ ኦርጋንም ሆነ የታተመ የመዝሙር መጽሐፍ ሳይኖር እምነቱ ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት፥ አብሮት የተዛመተው መዝሙር በምን ዐይነት ዜማ ሊሆን ይችል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። አንዱ ያወጣል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ማንበብ የማይችለውም በሁለተኛው ዙር መልሱን ያውቀዋል። የጥንቱ አሠራር አዲስ ቃል ተሸክሞ ቀጠለ።

ነገሩ ግን ሌላ ገጽ አለው። በወንጌላውያን ዘንድ «ዘፈን» እና «መዝሙር» የሚሉት ሁለቱ ቃላት እንደ ሁለት ዓለም ተለያይተው፥ ዘፈን የቀድሞው ኑሮ ምልክት ተደርጎ ስለ ተቈጠረ፥ ብዙ ሰዎች የሠርጉንና የጊፋታውን ዘፈን ከአፋቸው አወጡ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያት የምታውቀውን ዘፈን የልጅ ልጅ ላያውቀው፥ የዘፈኑን አካሄድ ግን በመዝሙሩ በኩል ሳያስተውል ሊያውቀው ይችላል። ለጥቂት ድምፆች የሚደረገው ዝግጅት በዚህ መካከል ይገባል። ጭፈራውን ትቶ በጸጥታ ቆሞ የሚዘመር ስለ ሆነ ዘፈኑን ለሚያወግዘው ሰው ጆሮ ይቀርባል፤ ሆኖም በዚያው ምክንያት ዘፈኑን ዘፈን ያሰኘውን ነገር የማጣት አደጋ አለበት። አዘጋጁ ከሁለቱ አንዱን ለማስደሰት ሲል ሌላውን ካጠፋ፥ ሥራው ማዳን ሳይሆን መቅበር ይሆናል።

ሠ. የማዘጋጀቱ ሥራ

ሥራው የሚጀምረው በመስማት ነው። ነገር ግን ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚዘፍኑትን ከአንድ ቅጂ ብቻ ሰምቶ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ መጻፍ አይቻልም። ሲምሐ አሮም የተባሉት ሊቅ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የኅብረ ድምፅ ዘፈን ሲያጠኑ ለዚህ መላ አግኝተዋል። ሙሉውን ዘፈን አስቀድመው ከቀረጹ በኋላ፥ አንዱን ዘፋኝ ለብቻው አድርገው ያን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ እያሰሙ የእርሱን ክፍል ብቻ ይቀርጻሉ፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን እንዲሁ ያደርጋሉ። በዚህ ዘዴ ዘፋኞቹ ራሳቸው ዘፈኑ ከስንት ክፍል እንደ ተሠራ ያስረዳሉ። ዘዴው ለወላይታም የሚስማማና በዛሬው ጊዜ ብዙ ወጪ የማያስከትል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ድምፆች ስምምነት ነው። በአውሮፓ ሥርዓት የተማረ አዘጋጅ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሶፕራኖ፥ አልቶ፥ ቴኖርና ባስ አከፋፈል፥ እንዲሁም በመዝሙር መጽሐፍ ወደሚገኘው የአራት ድምፅ ኅብር ነው። ይህ ግን ከባለ አምስት ድምፅ መሰላል ጋራ ይጋጫል። ዘፈኑ የቆመበት መሰላል ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ቢሆን፥ ከእነዚህ ከአምስቱ ብቻ ሊሠሩ የሚችሉት የተለመዱት ባለ ሦስት ድምፅ ኅብሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ዶ–ሚ–ሶልና ላ–ዶ–ሚ ናቸው። የአውሮፓው ማሳረጊያ ኅብር ሶል–ሲ–ሬ ይፈልጋል፤ «ሲ» ግን በመሰላሉ ውስጥ የለችም። አዘጋጁ እርስዋን በገዛ እጁ ሲጨምር ዘፈኑ ወዲያው የሌላ አገር መዝሙር ይመስላል። ከዚህ ይልቅ ዘፈኑ ራሱ የሚያቀርባቸው መንገዶች አሉ፤ እነርሱም የመሪና የተቀባይ መደራረብ፥ ከሥር ሳይለወጥ የሚዘልቅ ድምፅ፥ ደጋግሞ የሚመለስ አጭር ዜማና አንዱ ያለውን ሌላው ዘግየት ብሎ መከተል ናቸው። በዚህ ላይ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ስሞች የተወለዱት በሌላው የአገሩ ክፍል ስለ ሆነ፥ የወላይታን ዜማ በግድ ከአራቱ በአንዱ ስም መጥራት ግልጽ የሚያደርገው ነገር የለም።

ሦስተኛው የትንፋሽ ነገር ነው። በመንደር ብዙ ሰው ሲቀበል አንዱ ለመተንፈስ ቢያቋርጥ ማንም አያውቅበትም፤ ድምፁ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ስድስት ሰዎች ሲሆኑ ግን ሁለቱ አብረው ቢተነፍሱ ከዘፈኑ ሲሶው ይጎድላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘማሪ የመተንፈሻ ቦታው በተለያየ ምት ላይ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ለስድስት ሰዎች ተስማሚ የሚሆነው አከፋፈል አንድ መሪ፥ ሦስት ተቀባዮችና ሁለት የሥሩን ምት የሚሸከሙ ቢሆኑ ነው፤ ተቀባዮቹ ከሁለት ካነሱ መልሱ የሕዝብ መልስ መሆኑ ቀርቶ የግለሰብ ንግግር ይመስላልና። ጭብጨባና የእግር ምትም መተው የለባቸውም። ያለ መሣሪያ መዘመር ማለት ያለ አካል መዘመር ማለት አይደለም፤ እጅ ለእጅ ታጥፎ የሚዘመር የጊፋታ ዘፈን ሥሩ እንደ ተቈረጠ ዛፍ ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የመሪው ነገር ነው። መሪው ቃሉን በሰዓቱ የሚፈጥር ከሆነ፥ አዘጋጁ አንድ ቀን የተባለውን ቃል በኖታ አስሮ ለዘለዓለም ማስደገሙ ዘፈኑን ያደርቀዋል። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከአገር ሳይወጡ ይገኛል። በግራኝ ጦርነት ማግሥት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት ያስያዙት የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክት እያንዳንዱን ድምፅ አይቈጥርም፤ ካህኑ አስቀድሞ በቃሉ የሚያውቀውን የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል እንጂ። ለወላይታው መሪም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። የሚነሣበት ድምፅ፥ የሚያርፍበት ድምፅና የሚወስደው የምት ብዛት ይጻፍለት፤ በመካከሉ ያለው ለእርሱ ይተውለት። ያን ጊዜ በሶዶ ሲዘምር የሶዶን፥ በአዲስ አበባ ሲዘምር የአዲስ አበባን ሰው ሊያነሣ ይችላል።

ረ. ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

የሕዝብን ዘፈን ለጥቂት ድምፆች ማዘጋጀት በሌላ አገር ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1871 በአሜሪካ ከባርነት ነጻ የወጡ ወጣቶች የሚማሩበት የፊስክ ትምህርት ቤት መዘምራን ለትምህርት ቤታቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ በየከተማው እየዞሩ የባርነት ዘመን መዝሙሮችን አሰሙ። በዚህም መዝሙሮቹ ከመጥፋት ዳኑ፤ ነገር ግን ለኮንሰርት አዳራሽ እንዲስማሙ ሲባል መደራረባቸውና የአካል ምታቸው እንደ ተቀነሰ ሊቃውንት ጽፈዋል። በሃንጋሪ ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ እ.ኤ.አ. ከ1905 ገደማ ጀምሮ በየመንደሩ እየዞሩ መጀመሪያ ቀረጹ፥ ቀጥሎም አጠኑ፥ ከዚያ በኋላ አዘጋጁ፤ ኮዳይም ያለ መሣሪያ ለሚዘምሩ ልጆች ብዙ ጽፏል። ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት ነው።

ስለ ባለቤትነት ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ሰሎሞን ሊንዳ ነገር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1939 ከጓደኞቹ ጋራ በጆሃንስበርግ የቀረጸው «ምቡቤ» የተባለው ዜማ በዓለም ሁሉ ሲዘፈን፥ እርሱ ግን በድህነት ሞተ፤ ልጆቹ ክፍያ ለማግኘት የበቁት እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ ስምምነት ነው። የጊፋታ ዘፈን ደራሲ የለውም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። መንደሩ፥ መሪውና የተቀረጸበት ቀን በኖታው ራስ ላይ ሊጻፉ ይገባል፤ ከመድረኩ የሚገኝ ጥቅም ቢኖርም ለእነርሱ የሚደርስበት መንገድ አስቀድሞ ይወሰን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዝግጅቱ መልካም መሆኑ በምን ይታወቃል ቢባል፥ ፈተናው የሚገኘው በአዳራሽ ሳይሆን ዘፈኑ በተወሰደበት መንደር ነው። ስድስቱ ዘማሪዎች በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ፊት ቆመው መሪው ድምፁን ሲያነሣ፥ የተቀመጡት ሰዎች ማንም ሳያዛቸው በቦታው ላይ ገብተው ቢቀበሉ፥ ዘፈኑ ገና የእነርሱ ነው። ዝም ብለው ሰምተው በመጨረሻው ቢያጨበጭቡ ግን አዘጋጁ ኖታውን ይዞ ወደ መጀመሪያው ቅጂ መመለስ ይኖርበታል።